ባለቅኔን በእግር መከተል
(ስለ እንግሊዝ አገር የሐይቆች አውራጃ)

በጆሮ የሰሙትን ነገር በዐይን ማየት፥ በዐይን ያዩትንም በእግር ረግጦ ማወቅ የዕውቀት ሁሉ ማጽኛ ነው። ስለ አንድ አገር በመጽሐፍ ያነበበ ሰው የአገሩን ስም ያውቃል፤ ዳገቱን የወጣ ሰው ግን አገሩን ራሱን ያውቃል። ይህን የምንጽፈው ከሌላ ሰው ሰምተን ሳይሆን፥ ባለፈው የሚያዝያ ወር በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል የሐይቆች አውራጃ በሚባለው ተራራማ ስፍራ ከልጃችን ጋራ ሦስት ቀን በእግር ሄደን ካየነው ነው። ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ ቢወጣ ለወላጆች ይጠቅማል ብለን አሰብን።

የመሄዳችን ምክንያት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዪቱን ልጃችንን ሕግ እንድትማር ከሦስት ዓመት በፊት ወደ እንግሊዝ አገር ልከናት ነበር። ለትምህርቷ የሚሆነውን ገንዘብ ከባንክ ስንበደር ታላቅ ወንድማችን ዋስ ሆኖ ፈረመልን። እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቈየን ስለ ሆንን፥ የዋስ ፊርማ ስንት ቤት እንዳፈረሰ በየቀኑ በመዝገብ የምንጽፈው ነገር ነው፤ ስለዚህ ወንድማችን ብዕሩን ባነሣ ጊዜ የእኛም እጅ አብሮ ተንቀጠቀጠ። ልጅቱ ግን አንድ ዓመት ሕግ ከተማረች በኋላ፥ ሕጉን ትታ ወደ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት መግባቷን ገልጣ ይቅርታ የሚለምን ደብዳቤ ላከችልን። በሁለተኛውም ደብዳቤዋ፥ መምህሮቻቸው ተማሪዎቹን ባለቅኔዎች በኖሩበት ተራራና ሐይቅ ዳር በእግር እንደሚያዞሯቸው፥ ይህም እንደ ትምህርት ተቈጥሮ እንደሚፈተኑበት ነገረችን። ባለቤታችን ደብዳቤውን አንብባ ዝም አለች። እኛ ግን፥ «ወንድማችን ዋስ የሆነው ይህች ልጅ ተራራ ለተራራ እንድትዞር ነውን?» ብለን ጮኽን።

ከዚህ በኋላ መሥሪያ ቤታችን ስለ መዝገብ አያያዝ እንድናጠና ለሁለት ሳምንት ወደ ሎንዶን ላከን። ጥናቱ ሲያልቅ የዕረፍት ቀናችንን ጨምረን ልጃችንን አግኝተን ወደ ሕጉ ልንመልሳት ቈረጥን። በሥራችን ልማድም አንድ የውል ወረቀት አዘጋጀን፤ በውስጡ እስከ መስከረም ድረስ ወደ ሕግ ትምህርት እመለሳለሁ፥ ባልመለስ ግን ወጪዬን ራሴ እችላለሁ የሚል ቃል ጽፈን፥ የፊርማዋን ስፍራ ባዶ ትተን በደረት ኪሳችን አኖርነው። ልጃችን በተገናኘን ጊዜ ሐሳባችንን ከፊታችን አይታ፥ «አባባ፥ ከመፍረድዎ በፊት ሦስት ቀን ብቻ አብረውኝ ይሂዱ» አለችን። ዳኛ ግራና ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድምና እሺ አልን።

ከሎንዶን ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ኦክስንሆልም በሚባል ጣቢያ ያወርዳል፤ ከዚያ ሌላ አነስተኛ ባቡር ኬንዳልን አልፎ ዊንደርሚር ያደርሳል። ይህ የኋለኛው ሐዲድ የተከፈተው በ1847 ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) የሚያስገርመው ነገር፥ ሐዲዱ ገና በታሰበ ጊዜ፥ እኛ ልንከተለው የሄድነው ባለቅኔ ዊልያም ዎርድዝዎርዝ የአገሩን ጸጥታ ያጠፋል በማለት በ1844 ዓመት በጋዜጣ ተቃውሞ ነበር። እኛንም ወደ እርሱ አገር ያደረሰን ያ የተቃወመው ሐዲድ ነው።

አገሩ ሐይቅና ተራራ ጐን ለጐን የተቀመጡበት ነው። የእንግሊዝ ከፍተኛው ተራራ ስካፌል ፓይክ በዚያ ይገኛል፤ ቁመቱ ግን 978 ሜትር ብቻ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ የምንኖር፥ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠውን ራስ ደጀንን ተራራ ብለን የምንጠራ ሰዎች ይህን በሰማን ጊዜ በልባችን ሳቅን። ነገር ግን ሳቃችን አልሰነበተም። ዝናቡ ቀጭን ሆኖ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ድንጋዩም ይሙለጨለጫል። የቢሮ ጫማ አድርገን ስለ ሄድን በመጀመሪያው ቀን አዳልጦን ከነካፖርታችን ጭቃ ላይ ተቀመጥን። ልጃችን ሳትስቅ እጃችንን ይዛ አነሣችን፤ በዚያው ማታ የተራራ ጫማና አንድ ዱላ ገዛን።

ለሕግ ሰው ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገርም አየን፤ ይኸውም የእግር መንገዱ በሰው እርሻና በሰው ግጦሽ መካከል ማለፉ ነው። ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያልፍባቸው የእግር መንገዶች በየአውራጃው በካርታ ላይ እንዲመዘገቡ በ1949 ዓመት ሕግ ወጥቷል፤ ባለመሬቱ መንገዱን ሊዘጋ አይችልም፥ መንገደኛውም ከመንገዱ ወጥቶ ሰብል ሊረግጥ አይገባውም። ማሳውን ከማሳ የሚለየው ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ነው፤ መንገዱ ካቡን በሚያቋርጥበት ስፍራ ሰው ረግጦት የሚሻገር፥ በግ ግን የማያልፈው የድንጋይ መወጣጫ ተሠርቶበታል። የመንግሥቱ ሹማምንት አውራጃውን በ1951 ዓመት የሕዝብ መናፈሻ አድርገው ከለሉት፤ በ2017 ዓመትም የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ዎርድዝዎርዝ በዚሁ አውራጃ ኮከርመዝ በምትባል ከተማ በ1770 ዓመት ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው፥ የአንድ ታላቅ ባላባት ጉዳይ አስፈጻሚ ነበረ። ልጁ ስምንት ዓመት ሳይሞላው እናቱ፥ በዐሥራ ሦስት ዓመቱም አባቱ ሞቱበት። በሆክስሄድ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ኬምብሪጅ ገባ። ዘመዶቹ ቄስ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ፥ እርሱ የ1790ን ዓመት የበጋ ዕረፍት ከአንድ ጓደኛው ጋራ ፈረንሳይ አገርን በእግሩ አቋርጦ የአልፕስን ተራራ ሲሻገር አሳለፈው። ዘመዶቹ ምን ያህል እንደ ተቈጡ ልጃችን ስትነግረን ዐይን ዐይናችንን ታይ ነበር። እርሱን በቅርብ የሚያውቀው ደራሲ ቶማስ ዴ ክዊንሲ፥ ባለቅኔው በዕድሜው ከ175,000 የእንግሊዝ ማይል የማያንስ መንገድ በእግሩ ሳይሄድ አልቀረም ብሎ ገምቷል። ግጥሙንም የሚያዘጋጀው በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሳይሆን፥ እየተመላለሰና ድምፁን እያሰማ ነበር።

ይህን በሰማን ጊዜ የልጅነታችን ዘመን ታሰበን። እኛ ዳዊት ደግመን ቅኔ ቤት በገባንበት ወራት፥ ተማሪው አኵፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ይሄድ ነበር፤ የዋሸራን መንገድ የሚሻ ወደ ዋሸራ፥ የጎንጅን የሚሻ ወደ ጎንጅ። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪም ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል፤ እዚያ ያየው ንብ፥ የሰማው የውኃ ድምፅ፥ የእረኛው ዋሽንት ሰም ይሆንለትና ወርቁን ያለብሰዋል። የኔታም ባዶ እጁን ለተመለሰ ተማሪ፥ «ሂድ፥ ገና አልሄድህም» ይሉት ነበር። እንዲህ ባለ ትምህርት ያደግን ሰዎች ልጃችን በእግሯ ተማረች ብለን መቈጣታችን ትንሽ አሳፈረን፤ ነገር ግን የባንኩ ዕዳ በልባችን ነበረና ምንም አልተናገርንም።

በመጀመሪያው ቀን ከራይዳል ወደ ግራስሚር ሄድን። ራይዳል ባለቅኔው ከ1813 ዓመት ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1850 ዓመት የኖረበት ስፍራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጥንታዊ መንገድ የአስከሬን መንገድ ይባላል፤ ቀድሞ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ ሰዎች ሬሳቸውን ተሸክመው በዚህ ወደ ግራስሚር ይወስዱ ነበር። ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን አሳርፈው ትንፋሽ የሚወስዱበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዛሬም በመንገዱ ዳር አለ። በግራስሚርም ቤተ ክርስቲያን አጸድ ባለቅኔው ከነቤተ ሰቡ ተቀብሯል፤ በ1812 ዓመት በስድስት ወር ውስጥ ያጣቸው ሁለት ሕፃናት ልጆቹም በዚያው ናቸው። የመቃብሩ ድንጋይ የባላገር ድንጋይ ነው፤ ጌጥ የለውም።

በዚያው መንደር ዳቭ ኮቴጅ የሚባል ትንሽ ቤት አለ። ቀድሞ የመንገደኛ መጠጥ ቤት ነበረ። ዊልያም ከእኅቱ ከዶሮቲ ጋራ በ1799 ዓመት መጨረሻ ገብተውበት፥ በኋላም ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ እስከ 1808 ዓመት ኖረበት። ከ1891 ዓመት ጀምሮ ለጐብኚ ክፍት ነው። ክፍሎቹ ጠባብና ጨለም ያሉ፥ የታችኛው ወለል የድንጋይ ንጣፍ ነው። ዶሮቲ በዚያ ቤት ስትኖር የየቀኑን ነገር፥ የተጋገረውን እንጀራ፥ የዘነበውን ዝናብ፥ ደጃፍ የመጣውን ለማኝ ሁሉ በደብተሯ ትጽፍ ነበር። የዚህ ደብተር ጥቅም በማግሥቱ ተገለጠልን።

በሁለተኛው ቀን አልስዎተር ወደሚባለው ሐይቅ ዳር፥ ግሌንኮይን ወደሚባለው ስፍራ ወጣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዛለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ደፎዲል አበባ የተገጠመውን የዎርድዝዎርዝን ግጥም በቃላችን አጥንተን ነበር፤ የሳትን ተማሪዎች መዳፋችንን እንገረፍ ነበር። አበባውን ግን አንዳችንም አይተነው አናውቅም። እኛ አደይ አበባ ይሆናል ብለን በልባችን ስለን ይኸው እስከ አርባ ሰባት ዓመታችን ድረስ በዚያ ሥዕል ኖርን። በሐይቁ ዳር ከዛፎቹ ሥር ያየነው ግን ሌላ ነው። ግንዱ አንድ ስንዝር ያህል፥ ራሱ ጐንበስ ያለ፥ በመካከሉ ትንሽ ጽዋ የተቀመጠበት ፈዛዛ ብጫ አበባ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ በመጣ ቍጥር ሁሉም ባንድነት ያጐነብስና ይነሣል። በልጅነታችን የተገረፍንበት ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ልጃችንም ነገሩን እንደ መዝገብ አድርጋ አስረዳችን። ባለቅኔውና እኅቱ በዚህ ዳር ያለፉት በ1802 ዓመት በኤፕሪል 15 ቀን በብርቱ ነፋስ ነበር፤ ዶሮቲም ያዩትን ሁሉ በደብተሯ ጻፈችው። ወንድሟ ግጥሙን የጻፈው ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው፤ የታተመውም በ1807 ዓመት ነው። በግጥሙ ብቻውን እንደ ሄደ ይናገራል፤ እኅቱ ግን ከአጠገቡ ነበረች፥ የአበቦቹም ሁኔታ በደብተሯ ቀድሞ ተጽፏል። ደግሞም ከግጥሙ ሁለቱ የተሻሉ መስመሮች የሚስቱ የሜሪ እንደ ሆኑ እርሱ ራሱ መስክሯል። የምስክር ቃል ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ይህን በሰማን ጊዜ ፈገግ አልን፤ በዓለም ሁሉ በአንድ ሰው ስም የሚጠራው ግጥም የአንድ ቤት ሦስት ሰዎች ሥራ ሆኖ ተገኘ። ስፍራውን ሳያዩ፥ ደብተሩንና ግጥሙን ጐን ለጐን ሳይዙ ይህን ማን ይመረምረዋል? ልጃችን የምትማረው ጨዋታ ሳይሆን ምርመራ መሆኑን ያን ጊዜ ማመን ጀመርን።

በሦስተኛው ቀን ከግራስሚር በላይ ወዳለው ግሪንሄድ ጊል ወደሚባል ፈፋ ወጣን። ዎርድዝዎርዝ በ1800 ዓመት ስለ አንድ ሽማግሌ እረኛ የጻፈው «ማይክል» የሚባል ረጅም ግጥም አለ፤ ግጥሙ ሲጀምር አንባቢውን ከዋናው መንገድ ወጥተህ ይህን ፈፋ ተከተል እያለ መንገድ ይመራዋል። እኛም የተመራነውን መንገድ ያዝን። ዳገቱ ብርቱ ነው፤ ውኃው በድንጋይ መካከል እየጮኸ ይወርዳል፤ መንደሩም ወዲያው ከዐይን ይሰወራል። ከላይ የፈራረሰ የድንጋይ ካብ አገኘን። ልጃችን፥ «አባባ፥ ያ የተባለው ይኸው ራሱ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ ነገር ግን ዶሮቲ በ1800 ዓመት በኦክቶበር ወር ከወንድሟ ጋራ የበግ ጉረኖ ፍለጋ በዚህ ፈፋ እንደ ወጡ፥ ያገኙትም እየፈረሰ እንደ ነበረ ጽፋለች» አለችን። ከዚያ በድንጋይ ላይ ተቀምጠን፥ ታሪኩን ከእንግሊዝኛው እየመለሰች በአማርኛ ነገረችን።

ታሪኩ ይህ ነው። ማይክል ሰማንያ ዓመት ያለፈው ባላገር፥ በእርጅናው የወለደው ሉቅ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ማይክል ለወንድሙ ልጅ ዋስ ሆኖ ነበር፤ ሰውየው ድንገት በኪሳራ ወደቀና ሽማግሌው የሀብቱን እኩሌታ ያህል እንዲከፍል ተጠየቀ። መሬቱን ከመሸጥ ልጁ ከተማ ወርዶ ሠርቶ ዕዳውን ቢያቀል ይሻላል አለ። ልጁ በሚሄድበት ዋዜማ ወደዚህ ፈፋ አመጣው፤ ጉረኖ ለመሥራት ድንጋይ ከምሮ ነበርና የመሠረቱን ድንጋይ ልጁ በእጁ እንዲያስቀምጥ አደረገው፤ በመካከላቸውም የቃል ኪዳን ምልክት ሆነ። ልጁ በመጀመሪያ መልካም ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ በከተማ ክፉ ሥራ ላይ ወድቆ ወደ ባሕር ማዶ ሸሸ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው በጎቹን ይጠብቃል፤ አንዳንድ ቀንም ጉረኖውን ሊሠራ ወደ ፈፋው ይወጣል። የመንደሩ ሰዎች ግን ብዙ ቀን አንዲት ድንጋይ ሳያነሣ ተቀምጦ እንደሚመለስ ያውቁ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ጉረኖውን ሳይጨርስ ሞተ፤ ሚስቱም በሞተች ጊዜ መሬቱ ለባዕድ ተሸጠ።

ልጃችን ይህን ተናግራ ዝም ባለች ጊዜ እኛም ዝም አልን። በመዝገብ ቤታችን ስለ ዋስትና የተጻፈ ክርክር መደርደሪያ ሞልቶ ይገኛል፤ ስንቱን በእጃችን ገልብጠናል። ገንዘቡ ተጽፏል፥ ቀጠሮው ተጽፏል፥ ፍርዱ ተጽፏል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ሰውየው ከድንጋዩ ክምር አጠገብ ምን ያህል እንደ ተቀመጠ ግን በአንዱም መዝገብ አልተጻፈም። ያን የጻፈው ባለቅኔው ነው። ከዚያ ልጃችን ደግሞ አንድ ነገር ጨመረችልን፤ ዎርድዝዎርዝ ይህ ግጥም ያለበትን መጽሐፍ በ1801 ዓመት በጃንዋሪ ወር ቻርልስ ጄምስ ፎክስ ለሚባለው ታላቅ የፓርላማ ሰው ከደብዳቤ ጋራ ላከለት። በደብዳቤው ትንሽ መሬት ያላቸው ባላገሮች ከመሬታቸው ጋራ የቤተ ሰባቸው ፍቅር እንደሚታሰር፥ መሬታቸውን ሲያጡ ያም ፍቅር እንደሚላላ አስረዳ። እንግዲህ ግጥሙ ለአንድ ሹም የቀረበ አቤቱታ ነበር። «አባባ፥ ሕጉን የተውኩት ንቄው አይደለም» አለችን ልጃችን፤ «ሕጉ ስለ እነማን እንደ ሆነ ልማር ብዬ ነው። ያጎቴንም ፊርማ አልረሳሁትም።»

ወረቀቱ በደረት ኪሳችን ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ ለዚህች ሰዓት ይዘነው ዞረናል። ነገር ግን ማይክል ልጁን በድንጋይ ቃል ኪዳን አስሮት ሳለ ልጁ ከጠፋ፥ እኛ በወረቀት ምን እናስረዋለን? ደግሞስ ይህች ልጅ የት ጠፋች? ዕዳችንን በምታስብ፥ በወደቅንበት በምታነሣን ልጅ ላይ ምን ክስ አለን? ወረቀቱን አላወጣንም። ወደ ውኃው ወርደን ፊታችንን ታጠብን፤ ልጃችንም ዱላችንን ይዛ ጠበቀችን። ቍልቍለቱን ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅናት፤ ይኸውም ያን ታሪክ በአማርኛ ጽፋ እናቷና አጎቷ እንዲያነቡት እንድትልክልን ነው። በሐምሌ ወር ላከችው። ወንድማችን በመነጽሩ እያነበበ የዋሱ ነገር ላይ በደረሰ ጊዜ ወረቀቱን አኑሮ ረዥም ጊዜ ወደ መስኮት ተመለከተ፤ ከዚያም፥ «ይህች ልጅ ትምህርቷን ትጨርስ» አለ።

ዕዳው ግን አለ። በየወሩ እንከፍላለን፤ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ልጃችንም በዕረፍቷ ቀን በመጻሕፍት ቤት እየሠራች ትረዳናለች። ስለዚህ ልጁን ለእንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ወላጅ ወጪውን አስቀድሞ ይቍጠር እንጂ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው አንልም።

ነገር ግን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ይህን ልናሳስብ እንወዳለን። ልጃችሁ ከባሕር ማዶ ሆኖ፥ ዛሬ በተራራ ላይ መጽሐፍ ሳነብ ዋልሁ ብሎ ቢጽፍላችሁ፥ ሥራ ፈታ ብላችሁ ለመቈጣት አትቸኵሉ። ምን እንዳነበበ፥ በዚያም ስፍራ ምን እንዳየ በቃሉ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ማስረዳት ከቻለ ተምሯል፤ ካልቻለ ግን የእኛ የኔታ ለተማሪያቸው ይሉ እንደ ነበረው ገና አልሄደምና ደግሞ እንዲሄድ ንገሩት። ከተቻለም አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ፤ የቢሮ ጫማ ግን አታድርጉ።